ሦስቱ የኦክቶበር ደብዳቤዎች

ኦክሊ ማግና፣ ጃንዋሪ 14 ቀን 1874

ይድረስ ለልጄ ለማቲልዳ ብራድዌል፣ ሊቨርፑል

እንዴት ከርመሻል? እኔ እንዳለሁ አለሁ። ደብዳቤሽ ማክሰኞ ጠዋት ደረሰኝ፤ ደረሰኝ ከተባለ ነው፣ ከእኔ በፊት ከተማው በሙሉ አይቶታል። የፖስታ ቤቷ ሚስ ግሪብል በፖስተኛው መላክ ሲገባት ራሷ ይዛው መጣች። ፖስታውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ በራፌ ላይ ቆመችና፣ “ሚስስ ብራድዌል፣ ማቲልዳ ሀዘኗ ወጣላት እንዴ? የወረቀቷ ጥቁር ጠርዝ እኮ ክር አክሏል” አለችኝ። ምን ልበል? “ልጄን ዓይኗን ያማታል፣ አጥርታ ሳታይ ገዝታው ነው” ብዬ ዋሸሁ። በዚህ ዕድሜዬ ለወረቀት ስል መዋሸቴ አንጀቴን አሳረረው።

እሷ ስትሄድ ማስመሪያ አምጥቼ ለካሁት። ሚስ ግሪብል እውነቷን ነው። አባትሽ ከተቀበሩ ገና አሥር ሳምንት ነው። ለአባት ሀዘን የሚጻፍበት ወረቀት ጥቁር ጠርዙ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል መስፋት እንዳለበት እዚህ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። አንቺ የላክሽው ለአክስት ባል የሚሆን ነው፣ ያውም ላልተወደደ።

ወደ ጥያቄዎችሽ ልምጣ። ድመቷ ደህና ናት። የአባትሽን መጻሕፍት ለማንም አልሰጠሁም፣ አልሰጥምም። ክፍልሽን ላከራየው እንደሆነ የጠየቅሽው ግን ገርሞኛል፤ እንዲያውም ግድግዳውን አረንጓዴ ቅጠል ባለበት ወረቀት አስለብጬልሻለሁ። የምታስተምሪበት ትምህርት ቤት በማርች መጨረሻ ሲዘጋ ዕቃሽን ጠቅልለሽ ትመጪያለሽ። ያላገባች ልጅ ባሏ ከሞተባት እናቷ ጋር መኖሯ ወግ ነው፤ ለቄሱም ለሁሉም ነግሬያለሁ። በደብዳቤሽ መጨረሻ የጠየቅሽኝ ነገር በደብዳቤ የሚመለስ አይደለም።

እናትሽ
ሶፍሮኒያ ብራድዌል


ሊቨርፑል፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 1874

ይድረስ ለተከበሩ እናቴ

ጤናዎ እንዴት ነው? ስለ ወረቀቱ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰፊ ጠርዝ ያለው አልቆብኝ ነበር፣ ሱቁም ውስጥ የቀረው ያ ብቻ ነው። ለሚስ ግሪብል ዓይኔ ጤነኛ መሆኑን ይንገሩልኝ፣ ባልታመምኩት እንዳታዝንልኝ። ለአባቴ የማዝነው ደግሞ በማስመሪያ ተለክቶ አይደለም።

አራት ነገር ጠይቄዎት ሦስቱን መለሱልኝ። ድመቷን የጠየቅሁት ለጨዋነት ያህል ነው እንጂ ከልቤ አይደለም፤ መጻሕፍቱንና ክፍሉንም እንዲሁ። ከልቤ የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው። አባቴ አልጋ ላይ የዋሉት መቼ ነው? ለዚህ መልስ ብዙ ቀለም አያስፈልግም፤ ቀኑን ብቻ ቢጽፉልኝ ይበቃኛል።

እኔም የደበቅሁዎት ነገር አለ፤ ለእሱ በእውነት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ወደ ኦክሊ አልመለስም። ኤፕሪል 11፣ ቅዳሜ፣ አገባለሁ። ሩበን ታልቦት ይባላል፣ ድልድይ የሚሠራ አናጺ ነው፣ ሜቶዲስትም ነው፣ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው አይደለም። እዚህ ላይ ሲደርሱ ተቀምጠው ያንብቡ። ከሠርጉ ሦስት ቀን በኋላ፣ ማክሰኞ ኤፕሪል 14፣ መርከባችን ወደ ሜልቦርን ትነሣለች። መንገዱ ሦስት ወር ነው። ተመልሰን እንመጣለን ብዬ አልዋሽዎትም፤ አንመጣም።

ስለዚህ እንዲመጡልኝ እለምንዎታለሁ። ፎቶግራፉን አብሬ ልኬዋለሁ። ጢሙ በሥዕሉ ላይ እንደሚታየው ብዙ አይደለም።

ልጅዎ
ማቲልዳ


ኦክሊ ማግና፣ ጃንዋሪ 27 ቀን 1874

ማቲልዳ

ተቀምጠሽ አንብቢ ባልሽኝ ቦታ ላይ ስደርስ ቆሜ ነበር። ኬዚያ ሮጣ ወንበር አመጣችልኝ፤ ሃያ ዓመት ስታገለግለኝ ስትሮጥ ሳያት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

አሁን እንደ ሰው እንነጋገር። ባሏ የሞተባት ሴት አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ከቤት አትወጣም። ግብዣ አትቀበልም፣ ሠርግ ላይ አትቆምም። ይህን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ከል የለበሰች ሴት የሙሽራ አጠገብ መቆሟ ለሙሽራዋም ገድ የለውም። አንቺም ብትሆኚ ለአባትሽ አሥራ ሁለት ወር ከል መልበስ አለብሽ፤ ወይስ በከል ልታገቢ ነው? ሠርጉን ወደ ኖቬምበር አዛውሪው። መርከብ እንደሆነ አይጠፋም፣ ባሕሩም የትም አይሄድም። ሰውዬው በእውነት የሚወድሽ ከሆነ ሰባት ወር ምን አላት? አባትሽ እኔን አራት ዓመት ጠብቀውኛል።

እዚህ ያለውን መከራ ብታዪ እንዲህ አትጨክኚብኝም ነበር። ኬዚያ ሁለተኛውን ቀሚሴን ጥቁር ቀለም ልትነክር ብላ በማርማላታው ድስት ውስጥ ቀቀለችው። ድስቱን አጥቤዋለሁ ብላ ምላ ተገዝታ የዓመቱን የብርቱካን ማርማላታ በዚያው ሠራችበት። እኔ ሳላይ አንድ ብልቃጥ ለቄሱ ልካለች። ሰውዬው እሑድ ሲሰብኩ ጥርሳቸው ከሰል መስሎ ነበር አሉ፤ ምእመናኑ ያለቀሱት በስብከቱ አልመሰለኝም። የቀሚሱም ነገር እንዲሁ ነው፤ ትንሽ ካፊያ ሲነካው ቀለሙ ይለቅና አንገቴን ያጠቁረዋል፣ በሳሙናም አይለቅም።

ስለ አባትሽ ደግሞ ትጠይቂኛለሽ። አባትሽ አርፈዋል። በዚህ ላይ ምን ይጨመራል?

እናትሽ


ሊቨርፑል፣ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1874

እናቴ

ስለ ቄሱ ጥርስ ሳነብ ሳልወድ በግዴ ሳቅሁ፤ ሳቄን ስጨርስ ደግሞ ደሜ ፈላ። እንዲህ አድርገው ነው ሁልጊዜ የሚያመልጡኝ።

ሦስቱ የኦክቶበር ደብዳቤዎችዎ ፊት ለፊቴ ተዘርግተዋል። ኦክቶበር 9 ቀን፦ “የእንግዳ መቀበያውን መጋረጃ ቀይ ላድርገው ወይስ ቡናማ?” ኦክቶበር 17 ቀን፦ “ሚስ ግሪብል አዲስ ባርኔጣ ገዝታለች፣ ዶሮ ተኝታበት የሄደች ይመስላል።” ኦክቶበር 26 ቀን፦ “አባትሽ ሰላም ይሉሻል፣ ደህና ናቸው።” በስድስተኛው ቀን ሞቱ። ቴሌግራሙ የደረሰኝ ካረፉ በኋላ ነው። ስመጣ ሣጥኑ ተዘግቶ ነበር። ክፈቱልኝ ስል “አይሆንም፣ ወግ አይደለም” ያሉኝ እርስዎ ነዎት።

ያኔ ምን እንደመለስኩልዎ ያስታውሳሉ? ቀይ ይሻላል ብዬ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍኩልዎ። የጨርቅ ናሙናም ፈልጌ ላክሁ። አባቴ ሲሞቱ እኔ ሱቅ ለሱቅ እየዞርኩ መጋረጃ እመርጥ ነበር። ይህን ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት፤ ሦስት ወር ሙሉ ለምን ብዬ እጠይቃለሁ፣ እርስዎ የወረቀቴን ጠርዝ ይለካሉ።

ግልጹን ልንገርዎ። ሠርጉ አይዛወርም፤ መርከቧም እኔም ኖቬምበርን አንጠብቅም። ወደ ሠርጌ ባይመጡ አዝናለሁ፣ ግን እችለዋለሁ። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ምን እንደተደረገ ሳልሰማ ከሄድኩ ግን፣ ከሜልቦርን እናቴ ብዬ ደብዳቤ የምጽፍ አይመስለኝም። ለማስፈራራት አይደለም፤ እጄ እምቢ ይለኛል ብዬ ነው።

ማቲልዳ


ኦክሊ ማግና፣ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1874

ለሚስ ማቲልዳ ብራድዌል

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በዚህ ቃና ለተጻፈ ነገር መልስ አልሰጥም። ፎቶግራፉን መልሼልሻለሁ። ጢሙ ብዙ ነው።

ሶ. ብራድዌል


ኦክሊ ማግና፣ ማርች 10 ቀን 1874

ማቲልዳ

ዝም ካልሽ ወር ሊሞላሽ ነው። እኔም ዝም ልልሽ ነበር፤ የትናንቱ ነገር ግን በሆዴ የሚያዝ አልሆነም። ሰውሽ መጣ።

ወጉን ታውቂዋለሽ፤ ሀዘን ላይ ያለች ሴት ከዘመድ በቀር እንግዳ አትቀበልም። የመጣው ስሙ የታተመበትን ካርድ ትቶ ይሄዳል። እሱ ካርድ የሚባል ነገር የለውም። ኬዚያ በሩን ከፍታ፣ “እመቤቴ የሉም” አለችው። የሉም ማለት አይቀበሉም ማለት እንደሆነ የተማረ ሰው ሁሉ ያውቃል። እሱ ምን አላት? “በመስኮት አይቻቸዋለሁ። ግድ የለም፣ እስኪመጡ እጠብቃለሁ።” ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አለ።

አንድ ሰዓት ከሩብ ተቀመጠ። እኔ የእንግዳ መቀበያው ውስጥ በሬን ዘግቼ ነበርኩ። ለማሳል እንኳ ፈራሁ፣ የለሁማ። ኬዚያ ያቺ አፈ ሰፊ፣ ሻይ ሰጥታው ስታጫውተው የእንግዳ መቀበያው በር ወለሉን እየታከከ እንደሚያስቸግረን ነገረችው። “መላጊያ አለኝ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነው” ሲል ሰማሁ። “ኧረ ይተዉት ጌታዬ፣” ትለዋለች እሷ፣ “ኋላ እኔን ይቆጡኛል።” “የሉም አላልሽኝም? ማን ይቆጣሻል?” ይላታል። ከዚያማ ማቲልዳ፣ ሰውዬው በሩን ከነማጠፊያው ነቅሎ ሲያነሣው፣ የሌለሁት ሴትዮ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ተገኘሁ።

በሩን እንደ ታቀፈ ቆሞ “እንደምን ዋሉ፣ እማማ” አለኝ።

“እማማህ አይደለሁም” አልኩት።

“ገና ነው፤ አንድ ወር ይቀራል” አለኝና በሩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ መላግ ጀመረ። ምንጣፌ በፍቅፋቂ ተሞላ። እየላገ ሳለ ቀና ሳይል የተናገረውን ልንገርሽ፤ እሱ የሚነግርሽ አልመሰለኝም። “ሠርግ ይምጡ ብዬ ልለምን አልመጣሁም፣” አለ። “እሱ የእናትና የልጅ ነው። ማቲልዳ ግን እሑድ እሑድ ሦስት ደብዳቤዎች አውጥታ ታነባለች። በቃል ታውቃቸዋለች፣ ግን ታነባለች። ካነበበች በኋላ እስከ ማክሰኞ ድረስ ሰው አይደለችም። እነሱን ይዛ መርከብ ላይ እንዳትወጣብኝ ነው የመጣሁት።”

በሩን ገጥሞ፣ ከፍቶ ዘግቶ ሞከረው፣ ባርኔጣውን አንሥቶ ሄደ። ፍቅፋቂውን ግን ራሱ ጠርጎታል።

አንቺ ነሽ የላክሽው? አንቺ ከሆንሽ እፍረት የለሽም።

እናትሽ


ሊቨርፑል፣ ማርች 16 ቀን 1874

ይድረስ ለእናቴ

አልላክሁትም። “ለእንጨት ጉዳይ ወደ ሄርፎርድ እሄዳለሁ” ብሎኝ ነው የወጣው። እንጨቱ የእርስዎ በር መሆኑን ከደብዳቤዎ ተረዳሁ። ሄጄ ስጠይቀው፣ “እንጨት አይደለም እንዴ?” አለኝ። ተቆጣሁት፤ ከዚያ በሩን ታቅፎ እናንተ ስትተያዩ እየታየኝ ሳቄ መጣ፣ ቁጣዬም ተበላሸ። ስለ ምንጣፉ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ።

እሑድ እሑድ የማደርገውን ለእርስዎ መናገሩ ግን አልተደሰትኩበትም። እውነት ስለሆነ አልክደውም።

የልብስ ነገር ስላሳሰበዎት፦ የማገባው በግራጫ ቀሚስ ነው፣ ጥቁር ሪባን ይኖረዋል። ለአባቴም ለሩበንም ይበቃል ብያለሁ። ቁጣውን ሁሉ ጽፌልዎታለሁ፣ የቀረኝ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ያው የቀድሞው። እስከ ሠርጉ ሦስት ሳምንት ከአምስት ቀን አለዎት።

ልጅዎ
ማቲልዳ


ኦክሊ ማግና፣ ማርች 28 ቀን 1874

ማቲልዳ

ይህን ደብዳቤ አምስት ጊዜ ጀምሬ አምስት ጊዜ ስለ ሚስ ግሪብል ሆኖ አገኘሁት። አሁን ኬዚያን ገበያ ልኬ፣ ያን የተረገመ በር ዘግቼ ተቀምጫለሁ። ሳልደልዝ እጽፈዋለሁ።

አባትሽ አልጋ ላይ የዋሉት ኦክቶበር 6 ቀን ነው። በደረታቸው ነበር። ሐኪሙ ከሦስት ቀን በኋላ ወደ ኮሪደሩ ጠርቶኝ፣ “ልጅ ካለቻቸው ይጻፍላት” አለኝ። አባትሽም ያን ቀን ከሰዓት፣ “ለማቲልዳ ጻፊላት፣ ትምጣ” አሉኝ። እሺ ብዬ ወርጄ ጠረጴዛዬ ጋ ተቀመጥኩ። የመጋረጃውን ደብዳቤ የጻፍኩልሽ ያን ጊዜ ነው። “አባትሽ” ብዬ ጀመርኩ፣ ለቀጣዩ ቃል እጄ እምቢ አለኝ። ከጻፍኩት እውነት ሊሆን ነው። ካልጻፍኩት ግን እሳቸው ጉንፋን ይዟቸው ተኝተዋል፣ እኔም መጋረጃ እመርጣለሁ። እንዲህ ያለ ቂልነት ከስልሳ ዓመት ሴት አይጠበቅም፤ የሆነው ግን ይኸው ነው።

ፖስታ ቤት ከላክሁት በኋላ ወደ ላይ ወጣሁ። “ጻፍሽላት?” አሉኝ። “ጽፌላታለሁ” አልኩ። ውሸት አልነበረም። በየጠዋቱ ጠየቁኝ፤ በየጠዋቱ “መልስ አልመጣም፣ መንገድ ላይ ሳትሆን አትቀርም” አልኳቸው። በመጨረሻው ሳምንት አልጋው ወደ በሩ እንዲዞር አዘዙ። ከኬዚያ ጋር ሆነን አዞርነው። የሞቱት እየጠበቁሽ ነው። በአንቺ ቅር አላላቸውም፣ “ትምህርት ቤቱ አለቀቃት ይሆናል” ነበር የሚሉት። ማወቅ የፈለግሽው ይህን ከሆነ፣ ይኸው።

አላለቀም። ይህኛው የባሰው ነው፣ ለቄሱም አልተናዘዝኩትም። አንቺ ከመጣሽ ወደ አንቺ እንደሚዞሩ አውቅ ነበር። ከልጅነትሽ ጀምሮ አንቺ ስትገቢ እኔ በክፍሉ ውስጥ የለሁም። ሁለታችሁ መጽሐፍ ገልጣችሁ ስትስቁ እኔ “ሻይ ቀዘቀዘ” እላለሁ፤ በዚያ ቤት የነበረኝ ሚና ይኸው ነው። እነዚያን ሦስት ሳምንታት ብቻዬን ፈለግኋቸው። በማንኪያ ሾርባ አበላኋቸው፣ ጢማቸውን ላጨሁ፣ እጃቸውን ያዝኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት በትዳር ስንኖር እንዲህ የእኔ ሆነው አያውቁም። በአንቺ ቀንቼ ነው የሰረቅሁሽ። አሁን ጽፌ ሳየው መልኩ ደስ አይልም።

የሣጥኑን ነገር ደግሞ የከለከልኩሽ ወግ ስለሆነ አይደለም። ሲከፈት ፊታቸውን አይተሽ እንደጠበቁሽ የምታውቂ መስሎኝ ፈራሁ።

ከእንግዲህ ፊትዎን አያሳዩኝ ካልሽ አልፈርድብሽም። ካላልሽ ግን፣ ዓርብ ኤፕሪል 10 በሚነሣው ባቡር እመጣለሁ። ሚስ ግሪብል የወደደችውን ታውራ። አጠገብሽ ልቁም አልልም፣ ይህ ከል ገና ሰባት ወር ይቀረዋል። ከኋላ፣ አንድ ምሰሶ ስር እቀመጣለሁ። ሰው ከጠየቀሽ “ከዝናብ ሸሽታ የገባች አንዲት ሴትዮ ናት” በያቸው። ሲያልቅ አይቼሽ እመለሳለሁ።

እናትሽ
ሶፍሮኒያ


ሊቨርፑል፣ ኤፕሪል 2 ቀን 1874

ይድረስ ለእናቴ

ደብዳቤዎ ሰኞ ደረሰኝ። ማክሰኞ መጻፍ አልቻልኩም። ትናንት ሁለት ጻፍኩና ሁለቱንም አቃጠልኋቸው፤ አንደኛው እንዳይመጡ የሚል ነበር። ያቃጠልኩት ደብዳቤ እንደነበረ እንዲያውቁ ነው የምነግርዎ፣ ከእንግዲህ የምንደባበቀው እንዳይኖር።

አልጋው ወደ በሩ እንደዞረ ማወቄ ከመጋረጃው ይበልጥ ያማል። ግን ሦስት ሳምንት ብቻቸውን አልነበሩም፣ እጃቸውን የያዘ ሰው ነበር። ይህን ሳስብ ተነሥቼ እጄን ታጠብኩ፣ ቁጭ አልኩ፣ አለቀስኩ፤ ከዚያ ደግሞ በእርስዎ ተናደድኩ። እንደቀኑብኝ አላውቅም ነበር። እኛ እኮ ሻዩን የምንተወው ቁጣ ስለሚያበዙብን ነበር። አንድ ቀን መጥተው አጠገባችን ቢቀመጡ ምን ነበረበት? ማናችንም “ነይ ተቀመጪ” እንዳላልንዎት ግን ትናንት ሳስበው ትዝ አለኝ። ይህ የእኔና የአባቴ ጥፋት ነው።

አሁን ስለ ጉዞው። ሩበን ዓርብ ባቡር ጣቢያ ይጠብቅዎታል። “እማማ” ቢልዎት አይቆጡት፣ ከዚህ በላይ የሚያውቀው የአክብሮት ቃል የለም። ኬዚያንም ይዘው ይምጡ፣ ማርማላታውን ግን ይተዉት።

ምሰሶ ስር እቀመጣለሁ ያሉት አይሆንም። የሜቶዲስቶች ጸሎት ቤት ነው፣ ምሰሶ የለውም። አሥራ አንድ አግዳሚ ወንበር ያለበት አንድ ክፍል ነው፤ ሰው የሚደበቅበት ቦታ የለውም። እርስዎ የሚቀመጡት በፊተኛው ላይ ነው፣ ከነከልዎ። ይህች ማን ናት ብለው ከጠየቁኝ እናቴ ናት ብዬ እኔው እነግራቸዋለሁ። ያልበረደልኝን ንዴት መርከቡ ላይ እጨርሰዋለሁ፤ መንገዱ ሦስት ወር ነው።

ልጅዎ
ማቲልዳ